የሁለት ጥቁር መስመሮች ምስክርነት

የጋማ ጨረር ብልጭታ ርቀት እንዴት እንደ ተለካ

ከጥቂት ሳምንታት በፊት፣ አንድ ቅዳሜ ማታ፣ ከሦስት ወዳጆቼ ጋር በአንደኛው ቤት በረንዳ ላይ ተቀምጠን ስንጫወት ከፊት ለፊታችን በእንጦጦ ተራራ በኩል አንድ ብርሃን ቦግ ብሎ ታየ። አንደኛው ወዳጃችን፣ «የእጅ ባትሪ ነው፤ እዚህ ማዶ ካለው አጥር አጠገብ ሰው ቆሟል» አለ። ሁለተኛው፣ «ምን የእጅ ባትሪ ትላለህ! ተራራው ጫፍ ላይ የተለኮሰ ትልቅ እሳት ነው እንጂ» ሲል መለሰ። ሦስተኛው ደግሞ የለም የመኪና መብራት ነው ብሎ ሁለቱንም ተቃወመ። ክርክሩ ገና ሲጋጋል ብርሃኑ ድርግም ብሎ ጠፋ። ቡናው ከአቦል እስከ በረካ እስኪደርስ ተሟገትን፤ በመጨረሻም እያንዳንዳችን በየሐሳባችን እንደ ጸናን ወደየቤታችን ሄድን።

ነገሩ የዋዛ ይምሰል እንጂ በውስጡ ከባድ ጥያቄ አለበት። በጨለማ የታየ ብርሃን ሁለት ነገሮችን አንድ ላይ ይደብቃል፤ እነርሱም ርቀቱና ኀይሉ ናቸው። በቅርብ የበራ ጧፍና በሩቅ የነደደ ደመራ ለዐይን እኩል ሊመስሉ ይችላሉ። ርቀቱ ካልታወቀ ኀይሉ አይታወቅም፤ ኀይሉ ካልታወቀም የነደደው ነገር ምን እንደ ሆነ ለመናገር አይቻልም።

ስለ ሰማይ የሚመራመሩ ሊቃውንትም ልክ እንደ እኛ በረንዳ ክርክር ያለ ሙግት ገጥመው 24 ዓመት ያህል ሳይግባቡ ኖረዋል። ሙግታቸው ስለምን እንደ ነበረና በመጨረሻ በምን እንደ ተፈታ ዛሬ ለአንባቢዎቼ ላጫውት አስቤአለሁ። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አስታውቃለሁ።

የቦምብ ዘበኞች ያዩት እንግዳ ነገር

በ1963 ዓ.ም. አሜሪካ፣ ሶቪየት ኅብረትና እንግሊዝ በአየር፣ በውሃ ውስጥና በጠፈር የኑክሊየር ቦምብ ሙከራ እንዳይደረግ በሞስኮ ከተማ ውል ተፈራረሙ። አሜሪካኖችም ውሉ መከበሩን የሚጠብቁ ቬላ የተባሉ ሳተላይቶችን ወደ ጠፈር ሰደዱ። የኑክሊየር ቦምብ ሲፈነዳ ጋማ ጨረር ይረጫል፤ ሳተላይቶቹም የተሰናዱት ይህን ጨረር እንዲጠባበቁ ነበር። ጋማ ጨረር ማለት ዐይናችን እንደሚያየው ብርሃንና ሐኪም የተሰበረ አጥንት እንደሚመረምርበት ራጅ ያለ ጨረር ሲሆን፣ በጉልበት ግን ከሁለቱም ይበረታል።

ጁላይ 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ሳተላይቶቹ አንድ የጋማ ጨረር ብልጭታ መዘገቡ። ነገር ግን የብልጭታው አነሣሥና አወራረድ የቦምብ ጠባይ አልነበረውም። በሎስ አላሞስ ቤተ ሙከራ የሚሠሩት ሬይ ክሌብሳደልና ባልደረቦቻቸው ከዚያ በኋላ የታዩትን ተመሳሳይ ብልጭታዎች ሰብስበው፣ ጨረሩ ወደ እያንዳንዱ ሳተላይት የደረሰበትን ሰዓት እያስተያዩ የመጣበትን አቅጣጫ አሰሉ። ውጤቱም ጨረሩ ከምድርም ከፀሐይም ያልመጣ መሆኑን አሳየ። በ1973 ዓ.ም. 16 ብልጭታዎችን ዘርዝረው ለዓለም ሊቃውንት አስታወቁ። ቦምብ ሊጠብቁ የተላኩት ዘበኞች ከሰማይ ጥልቅ የመጣ ሌላ ምስጢር ይዘው ተመለሱ ማለት ነው።

ከዚያ ወዲህ ግምቱ በዛ። ብልጭታው አብዛኛውን ጊዜ የሚቆየው ከሰኮንድ ክፋይ ጀምሮ እስከ ጥቂት ደቂቃዎች ነው። ዛሬ በዚህ፣ ነገ በዚያ ማዕዘን ይታያል፤ በየት በኩል እንደሚመጣ አስቀድሞ አይታወቅም። የጋማ ጨረር መሣሪያዎችም አቅጣጫውን የሚያመለክቱት በደምሳሳው ስለ ነበረ፣ በተመለከተው የሰማይ ክፍል ውስጥ ከሚገኙት አእላፍ ከዋክብት የትኛው እንደ ብልጭታው ምንጭ ይቆጠር? ብልጭታው ምን ሊሆን እንደሚችል የሚያስረዱ ከመቶ የሚበልጡ ልዩ ልዩ ሐሳቦች ተጻፉ።

ቅርብ ነው ወይስ ሩቅ?

በ1991 ዓ.ም. ኮምፕተን የተባለ ትልቅ ሳተላይት ወደ ጠፈር ወጣ። በላዩ የተጫነው ባትሲ የሚባለው መሣሪያ በቀን አንድ ያህል ብልጭታ እያየ፣ ሥራውን እስከ ፈጸመበት እስከ 2000 ዓ.ም. ድረስ 2,704 ብልጭታዎችን መዘገበ። እነዚህም በሰማይ ካርታ ላይ ሲነጠቡ በአንድ ወገን ሳይከማቹ በሁሉም አቅጣጫ እኩል ተበትነው ተገኙ።

ይህ ትልቅ ፍንጭ ነበረ። እኛ ያለንበት የከዋክብት ማኅበር፣ ማለትም ፍኖተ ሐሊብ፣ እንደ እንጀራ የተዘረጋ ነው። እኛም በውስጡ ስላለን ከዳር እስከ ዳር በሰማይ ላይ እንደ መቀነት ሆኖ ይታየናል። ብልጭታዎቹ ከዚህ ማኅበር ከዋክብት የሚወጡ ቢሆን ኖሮ በመቀነቱ ላይ በተከማቹ ነበር። ስለዚህ የቀሩት ዋነኛ አስተያየቶች ሁለት ሆኑ። አንደኛው ወገን ብልጭታዎቹ ፍኖተ ሐሊብን በሩቁ እንደ ትልቅ ኳስ ከከበበ ሥፍራ፣ በመቶ ሺህ በሚቆጠሩ የብርሃን ዓመታት ርቀት ላይ ይነሣሉ አለ። ሁለተኛው ወገን ደግሞ ከሌሎች ጋላክሲዎች፣ በቢሊዮን ከሚቆጠሩ የብርሃን ዓመታት ርቀት ይመጣሉ አለ። አንድ የብርሃን ዓመት ብርሃን በአንድ ዓመት የሚሄደው መንገድ ሲሆን 9.5 ትሪሊዮን ኪሎሜትር ያህል ነው።

የሁለቱ ወገኖች ልዩነት የዋዛ አይደለም። ብርሃን ርቀቱ 10 እጥፍ ሲሆን 100 ጊዜ ይደክማል። ስለዚህ ለእኛ እኩል ሆነው ከሚታዩ ሁለት ብልጭታዎች አንዱ በ300,000፣ ሌላው በ3 ቢሊዮን የብርሃን ዓመታት ርቀት ላይ ቢሆኑ፣ የሩቁ ኀይል ከቅርቡ 100 ሚሊዮን ጊዜ ይበልጣል። ይህ በጧፍና በደመራ መካከል ካለው ልዩነት እጅግ የራቀ ነው።

ኤፕሪል 22 ቀን 1995 ዓ.ም. በዋሽንግተን ከተማ ይኸው ጉዳይ በአደባባይ ቀረበ። ቦህዳን ፓቺንስኪ የሩቁን፣ ዶናልድ ላም የቅርቡን ወገን ይዘው ሲከራከሩ፣ እንግሊዛዊው ማርቲን ሪስ በሊቀ መንበርነት አስተናበሩ። አዳራሹም በ1920 ዓ.ም. ስለ ዓለም ስፋት ሌላ ስመ ጥር ክርክር የተደረገበት ያው አዳራሽ ነበረ። ሁለቱም ተከራካሪዎች የተማሩ፣ ነገራቸውንም በሚገባ ያደራጁ ሰዎች ነበሩ። ሆኖም የብልጭታ ርቀት በቀጥታ ስላልተለካ፣ ጉባኤው ያለ ፍርድ ተበተነ። የጎደለው ማስረጃ እንጂ አንደበት አልነበረም።

ፍሙ ሳይከስም መድረስ

እሳት ከጠፋ በኋላ ፍሙ ለጊዜው ይቆያል። ከጋማ ጨረሩ ብልጭታ በኋላም እንዲሁ እየደበዘዘ የሚሄድ ጭላንጭል በራጅ፣ በሚታይ ብርሃንና በሬዲዮ ሞገድ መቅረት አለበት ብለው የገመቱ ሊቃውንት ነበሩ። ችግሩ ፍሙ ሳይከስም በቦታው መድረሱ ላይ ነው።

ይህን ችግር ያቃለለው ኢጣልያኖችና ሆላንዶች ተባብረው ሠርተው ኤፕሪል 30 ቀን 1996 ዓ.ም. የተኰሰው ቤፖሳክስ የተባለው ሳተላይት ነው። ይህ ሳተላይት የብልጭታውን ሥፍራ በሰፊ ካሜራ አጥብቦ ካመለከተ በኋላ፣ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ዘወር ብሎ በጠባቡ የራጅ መነጽር ያንኑ ቦታ ለመመልከት ይችል ነበር። ፌብሩዋሪ 28 ቀን 1997 ዓ.ም. አንድ ብልጭታ በታየ በ8 ሰዓት ውስጥ መነጽሩን ወደዚያው መልሶ፣ እየደበዘዘ የሚሄድ የራጅ ጭላንጭል አገኘ። በላ ፓልማ ደሴት በሚገኘው ቴሌስኮፕ የሠሩት የአምስተርዳሙ ፕሮፌሰር ያን ቫን ፓራዲስና ተማሪዎቻቸውም በዚያው ቦታ በዐይን በሚታየው ብርሃን የሚከስም ነጥብ አገኙ። ፍሙ ተገኘ። ነገር ግን ብርሃኑ ተተንትኖ ርቀቱ ሳይለካ ደበዘዘ።

ሁለተኛው ዕድል ብዙ አልዘገየም። ሜይ 8 ቀን 1997 ዓ.ም. ቤፖሳክስ ሌላ ብልጭታ አየ። ሥፍራው ወዲያው ለተመራማሪዎች ተላለፈ፤ አሜሪካዊው ሃዋርድ ቦንድ በአሪዞና በሚገኝ አነስተኛ ቴሌስኮፕ ጭላንጭሉን አገኙት። በዚህ ጊዜ ግን ነጥቡ ቶሎ ሳይከስም ለሁለት ቀን ያህል እየደመቀ ሄደ። ሜይ 11 ቀን ከራስ ዳሽን ጥቂት ብቻ ዝቅ በሚለው በሃዋይ ደሴት በማውና ኬያ ተራራ ላይ የተተከለው፣ ባለ 10 ሜትሩ ኬክ ቴሌስኮፕ ወደ ነጥቡ ዞረ። ሥራውን የሠሩት ማርክ ሜትዝገር፣ ጆርጅ ጆርጎቭስኪ፣ ሽሪኒቫስ ኩልካርኒና ባልደረቦቻቸው ነበሩ። ነጥቡ ሰው በዐይኑ ለማየት ከሚችለው እጅግ ደብዛዛ ኮከብ በመቶ ሺህ በሚቆጠር ጊዜ የደከመ ነበረ።

ብርሃን ሲተነተን

ለመሆኑ ከእንዲህ ያለች ነጥብ ርቀት እንዴት ይነበባል? በዩኒቨርሲቲ ሳለን በቤተ ሙከራ ጥቂት ጨው በነበልባል ላይ ስንነሰንስ ነበልባሉ ቢጫ ይሆን ነበር። ይህም በጨው ውስጥ ያለው ሶዲየም የሚያወጣው የራሱ ቀለም ስላለው ነው። እያንዳንዱ ንጥረ ነገር እንዲሁ የታወቁና የማይለወጡ ቀለሞች አሉት። ከዚህም ሌላ፣ ጋዝ ሆኖ በብርሃን መንገድ ላይ ሲቆም እነዚያኑ ቀለሞች ከሚያልፈው ብርሃን ላይ ይቀንሳል። እንግዲህ ብርሃኑ በስፔክትሮግራፍ አማካይነት እንደ ቀስተ ደመና ሲዘረጋ፣ በተቀነሱት ቀለሞች ቦታ ጥቁር መስመሮች ይታያሉ። መስመሮቹም የጋዙ ማኅተም ናቸው።

ማግኒዚየም ሁለት የተቀራረቡ መስመሮች አሉት። በምድር ቤተ ሙከራ ሲለኩ የሞገድ ርዝመታቸው 279.6 እና 280.4 ናኖሜትር ነው። አንድ ናኖሜትር የአንድ ሚሊሜትር ሚሊዮንኛ ክፍል መሆኑን ልብ ይሏል። ይህ ዐይናችን የማያየው፣ የምድር አየርም የማያሳልፈው የብርሃን ዐይነት ነው። ከሃዋይ በተገኘው ስፔክትረም ግን መንትዮቹ መስመሮች በ513.1 እና በ514.4 ናኖሜትር፣ ማለትም በአረንጓዴው ቀለም ላይ ተቀምጠው ተገኙ። 513.1 ለ279.6 ሲካፈል 1.835 ይሆናል፤ 514.4 ለ280.4 ሲካፈልም ያው 1.835 ነው። የብረት መስመሮችም በዚሁ ቁጥር ተለጥጠው ተገኙ። አንድ መስመር ብቻ ቢሆን ሌላ ነገር ይሆናል ብሎ መጠራጠር ይቻል ነበር። ብዙ ምስክሮች ተለያይተው ሲጠየቁ አንድ ቃል ከሰጡ ግን ምስክርነቱ ይጸናል።

ይህ ቁጥር ርቀትን የሚናገረው እንዴት ነው? በ1929 ዓ.ም. ኤድዊን ሃብል እንዳሳዩት፣ ጋላክሲዎች በራቁ መጠን የሚሸሹበት ፍጥነት ይበረታል። ምክንያቱም ኅዋው ራሱ እየተለጠጠ በመሄዱ ነው። በመንገድ ላይ ያለ የብርሃን ሞገድም ከኅዋው ጋር አብሮ ይለጠጣል። ብዙ የተለጠጠ ብርሃን ብዙ ዘመን የተጓዘ ነው። 1.835 ጊዜ የተለጠጠ ብርሃን ያንን ጋዝ ያለፈው፣ በጋላክሲዎች መካከል ያለው ርቀት ከዛሬው ግማሽ ጥቂት ብቻ በሚበልጥበት ዘመን ነው። ይህም በዛሬው ስሌት ከ7 ቢሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ነው። የምድራችን ዕድሜ 4.5 ቢሊዮን ዓመት ያህል መሆኑን ስናስታውስ፣ ብርሃኑ ጉዞውን የጀመረው ምድር ሳትፈጠር መሆኑን እንረዳለን።

«ከዚህ አይቀርብም»

ወደ በረንዳችን እንመለስ። በዚያ ማታ በተራራው ወገብ ላይ ጉም ተኝቶ ቢሆንና ብርሃኑ በጉሙ ውስጥ አልፎ መምጣቱን ብናውቅ ምን ለማለት እንችል ነበር? ብርሃኑ ከጉሙ በስተኋላ መሆኑን ነዋ! ከጉሙ በስተኋላ ምን ያህል እንደ ራቀ ግን ጉሙ አይነግረንም።

የሃዋዮቹ ተመራማሪዎችም ያዩት እንዲህ ነበረ። ጥቁሮቹን መስመሮች የሠራው በመንገድ ላይ ያለ ጋዝ እንጂ ፍንዳታው ራሱ ለመሆኑ ማረጋገጫ አልነበረም። እንዲያውም በስፔክትረሙ ላይ 1.767 ጊዜ የተለጠጡ ሌሎች የማግኒዚየም መስመሮችም ነበሩ። ይህም ብርሃኑ ወደ እኛ ሲመጣ ሁለት ደመና ማለፉን ያስረዳል። ስለዚህ ሊቃውንቱ «ርቀቱ ይህን ያህል ነው» አላሉም። «ከሁለቱ ከሚርቀው ደመና አይቀርብም» አሉ።

ከላይ ያለውን ወሰን ደግሞ ያገኙት ከቀረ ምስክር ነው። ሃይድሮጅን በ121.6 ናኖሜትር ላይ ብርቱ መስመር አለው። ብልጭታው እጅግ የራቀ ቢሆን ኖሮ በመንገዱ ላይ ያሉት የሃይድሮጅን ደመናዎች ያስቀሯቸው መስመሮች ተለጥጠው ቴሌስኮፑ በሚያየው የብርሃን ክፍል ላይ እንደ ዱር በበዙ ነበር። በስፔክትረሙ ላይ ግን ያ ዱር የለም። ስለዚህ የብልጭታው ብርሃን የተለጠጠበት መጠን ከ1.835 አያንስም፤ ከ3.3 ያህልም አይበልጥም ተባለ።

ይህ ልከኛ ዐረፍተ ነገር የ24 ዓመቱን ክርክር ለመፍታት በቂ ነበር። የቅርቡ ወገን የሚለው በመቶ ሺህ የሚቆጠር የብርሃን ዓመት ነው፤ ምስክሩ ግን በቢሊዮን ከሚቆጠር አያንስም አለ። ከጊዜ በኋላ ጭላንጭሉ ከስሞ ሲያልቅ በዚያው ሥፍራ አንዲት ደብዛዛ ጋላክሲ ተገኘች። የገዛ ብርሃኗ ሲተነተን የኦክስጅኗ መስመር የተለጠጠው በዚያው በ1.835 ነበረ። ዝቅተኛው ወሰን ትክክለኛው ልክ ሆኖ ተገኘ ማለት ነው።

ርቀቱ ሲታወቅ የተደበቀው ኀይልም ተገለጠ። ብልጭታው ጨረሩን በሁሉም አቅጣጫ እኩል ይረጫል ተብሎ ቢታሰብ፣ አንዳንዱ በጥቂት ሰኮንዶች ውስጥ ፀሐያችን በ10 ቢሊዮን ዓመት ዕድሜዋ ከምታወጣው የበለጠ ኀይል ያወጣል። ይህ ቁጥር እጅግ ቢያስደንቅ ሊቃውንቱ እንደገና መረመሩ፤ ጨረሩም እንደ እጅ ባትሪ ወደ ጠባብ አቅጣጫ የሚወረወር መሆኑን የሚያመለክት ማስረጃ አገኙ። ማርች 29 ቀን 2003 ዓ.ም. በታየው ብልጭታ ፍም ውስጥም የፈነዳ ኮከብ ምልክት በስፔክትረም ተነበበ። በዚህም ረጅሞቹ ብልጭታዎች ከግዙፋን ከዋክብት ሞት ጋር የተያያዙ መሆናቸው ተረጋገጠ።

ከዚያ ወዲህ ይኸው የመለኪያ ዘዴ የዘወትር ሥራ ሆኗል። በ2004 ዓ.ም. የተሰደደው ስዊፍት የተባለው ሳተላይት ብልጭታ ሲያይ በደቂቃዎች ውስጥ መነጽሩን ይመልሳል። ማርች 19 ቀን 2008 ዓ.ም. የታየው ብልጭታ 7.5 ቢሊዮን ዓመት ከተጓዘ በኋላ፣ በጨለማ ቦታ ሆኖ ወደዚያ ላቀና ሰው ለጥቂት ጊዜ በባዶ ዐይን ሊታይ በሚችልበት መጠን ደምቆ ነበር። ኤፕሪል 23 ቀን 2009 ዓ.ም. የታየው ደግሞ 9.2 ጊዜ ተለጥጦ ተገኘ። ይህም 13 ቢሊዮን ዓመት ያህል የተጓዘ ብርሃን ነው። ኦክቶበር 9 ቀን 2022 ዓ.ም. የታየው እስከዚያ ጊዜ ከተመዘገቡት ሁሉ ደማቁ ሲሆን፣ የተለጠጠው ግን 1.151 ጊዜ ብቻ ነው። ደማቁ ከደብዛዛው የቀረበ፣ በ2 ቢሊዮን ዓመት ገደማ ጉዞ የደረሰ ነበረ። በ2008ቱ ደማቅ ብልጭታ እንዳየነው ግን ድምቀት ብቻውን የርቀት ምስክር አይሆንም፤ ዳኛው መስመሩ ነው።

ለእኛስ?

እኔን በዚህ ታሪክ ውስጥ ይበልጥ የሚማርከኝ የርቀቱ ግዝፈት አይደለም። በዋሽንግተኑ አዳራሽ የተሰበሰቡት ሰዎች በዕውቀት ከእኛ የሚያንሱ አልነበሩም፤ ሆኖም ማስረጃ እስኪገኝ ድረስ የንግግር ብዛት አንድ ስንዝር እንኳ አላራመዳቸውም። ያራመዳቸው ሳተላይቱን አስቀድሞ ያዘጋጀው፣ መልእክቱን ሳያሳድር ያስተላለፈው፣ ቴሌስኮፑን ፍሙ ሳይከስም ያዞረው ሰው ሁሉ በየድርሻው ያደረገው ትጋት ነው። ከእነዚህ አንዱ «ነገ አየዋለሁ» ብሎ ቢያሳድረው ኖሮ ክርክሩ ሌላ ብልጭታ እስኪገኝ በቀጠለ ነበር።

ሁለተኛው ነገር ያቺ ልከኛ ዐረፍተ ነገር ናት። ታላቅ ግኝት በእጁ የገባ ሰው ትንሽ አክሎ ለመናገር ይፈተናል። እነዚያ ሰዎች ግን ማስረጃቸው የሚፈቅደውን «ከዚህ አይቀርብም» የሚለውን ብቻ ተናግረው የቀረውን ለሚመጣው ማስረጃ ተዉት። እኛ በትምህርት ቤት ጽሑፍ የምናቀርብ፣ በመሥሪያ ቤትም ለአለቆቻችን ሪፖርት የምንጽፍ ወጣቶች፣ ያላየነውን እንዳየን፣ ያልቆጠርነውንም እንደ ቆጠርን አድርገን ስንት ጊዜ ጽፈናል? የምናውቀው እስከምን ድረስ እንደ ሆነ ለይቶ መጻፍ ድክመት መስሎ ይታየን ይሆናል። ነገር ግን እንዲህ ያለው ቃል በኋላ ሲመረመር አያሳፍርም።

ይህን ሁሉ ባለፈው ቅዳሜ ለሦስቱ ወዳጆቼ አጫወትኋቸው። የእጅ ባትሪ ነው ባዩ ወዳጄ አሁንም ከሐሳቡ አልተናወጠም። ቢሆንም አራታችንም በአንድ ነገር ተስማማን፤ ብርሃኑ ዳግመኛ የታየ እንደ ሆነ ከክርክሩ በፊት አንዳችን ጫማውን አጥልቆ እንዲነሣ።